የመልእክት አደራ
ከጋራ ኮምፒውተር ታሪክ የምንማረው

ከጎንደር ደጋ የሚወርደው ጓንግ አትባራ ተብሎ በሚያልፍባት በሾዋክ፣ ከዘመድ የሚላክ ወሬ ብዙውን ጊዜ በሦስተኛ ሰው እጅ አልፎ ነው ባለቤቱ ዘንድ የሚደርሰው። ቀድሞ ደብዳቤው በመንገደኛ ኪስ ይመጣ ነበር። ዛሬ ደግሞ ኢሜይሉን ራሱ መክፈት ያልቻለ ሰው ስልኩንና የይለፍ ቃሉን ለሚያውቀው ወጣት አስረክቦ፣ «እስቲ እይልኝ» ይላል። ይህ ልማድ የችግር ውጤት ብቻ ሊመስለን ይችላል። ይሁን እንጂ ታሪኩን ወደ ኋላ ብንመረምር፣ ኢሜይልም ሆነ የይለፍ ቃል የተወለዱት ብዙ ሰዎች በአንድ ኮምፒውተር በሚገለገሉበት ቤት መሆኑን እናገኛለን። (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ አንድን ኮምፒውተር ለብዙ ተጠቃሚ የሚያካፍል ሥርዓት በ1961 ለእይታ አቀረቡ። እያንዳንዱ ተጠቃሚ የግል መዝገብ ስለነበረው፣ መዝገብን ከመዝገብ ለመለየት የይለፍ ቃል አስፈለገ። በ1965 ደግሞ በዚያው ማሽን ላይ አንዱ ለሌላው መልእክት የሚተውበት ፕሮግራም ተጻፈ። ነገር ግን የሁሉም የይለፍ ቃል በአንድ መዝገብ እንዳለ ተጽፎ ይቀመጥ ነበር። አለን ሸር የተባለ ተማሪ በ1962 የማሽኑን ሰዓት የበለጠ ለማግኘት ሲል ይህን መዝገብ አሳትሞ እንደወሰደ ከዓመታት በኋላ ራሱ ተናግሯል። በ1960ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ሁለት መዝገቦች በስህተት ተለዋውጠው፣ ወደ ማሽኑ ለሚገባ ሁሉ በዕለቱ ማስታወቂያ ፈንታ የሁሉም የይለፍ ቃል ተነበበለት። በዚህ ሁለተኛው ጉዳይ ሌባ አልነበረም፤ ምስጢሩ የወጣው በአያያዝ ጉድለት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ዘመናዊው ፖስታ በአፄ ምኒልክ ዘመን በ1894 ተቋቁሞ ኢትዮጵያ በ1908 የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆናለች። ማንበብ የሚችለው ሰው ጥቂት በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ደብዳቤ ለባለቤቱ የሚነበብለት በቄስ፣ በደብተራ ወይም በተማሪ ልጅ አንደበት ነበር። አንባቢው የቤቱን ሐዘንና ዕዳ ከባለቤቱ ቀድሞ ያውቃል። በመሆኑም አንባቢ ሲመረጥ ከትምህርቱ ይልቅ አፉን የሚጠብቅ መሆኑ ይታይ ነበር።

ኢሜይልም አዲስ አበባ የገባው በዚሁ መንገድ ነው። በ1980 በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የተቋቋመው ፓዲስ የተባለው የመረጃ ማዕከል፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፊዶኔት በሚባለው ሥርዓት የሚሠራ የመልእክት ጣቢያ ከፈተ። ፊዶኔት ቶም ጄኒንግስ በ1984 የጀመረው፣ መልእክትን አጠራቅሞ በስልክ መስመር የሚያስተላልፍ ዘዴ ነው። የጣቢያው ደንበኛ በሞደም ደውሎ የጻፈውን ያስረክባል፤ የመጣለትን ይረከባል፤ ስልኩንም ይዘጋል። ማሽኑ በበኩሉ የተጠራቀመውን ይዞ ለንደን ከሚገኘው ግሪንኔት ጋር ይገናኝና ይለዋወጣል። ዶክተር ልሳን አዳም ያስተባበሩት ካቤካ የተሰኘው ፕሮጀክት ይህንኑ ዘዴ ለሌሎች የአፍሪካ አገሮች ለማዳረስ ሠርቷል። ኢትዮጵያ ውስጥ ሙሉ የኢንተርኔት አገልግሎት የተጀመረው በጥር 1997 ነው።

እንዲህ ባለው ጣቢያ የጠባቂው ሥራ ብዙ ነበር፤ ለአዲሱ ተጠቃሚ ስም ይመዘግባል፣ ሞደሙ ሲያስቸግረው ያስተካክላል፣ ቃሉን ሲረሳ ይለውጥለታል። መልእክቱም በተራ ጽሑፍ ይቀመጥ ስለነበር፣ ጠባቂው ሊያነብ ቢፈልግ የሚከለክለው ሕሊናው ብቻ ነበር።

ባለሙያዎች ለዚህ ችግር ከፊል መፍትሔ አግኝተዋል። በ1979 ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምሰን ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የይለፍ ቃል ወደ ኋላ ሊፈታ በማይችል ስሌት ተለውጦ የሚቀመጥበትን አሠራር አብራርተዋል። ማሽኑ የሚያቆየው የቃሉን አሻራ እንጂ ቃሉን አይደለም። ከዚያ ወዲህ ደኅና ጠባቂ የተረሳውን ቃል አዲስ ያደርግልናል እንጂ የቀድሞውን ሊነግረን አይችልም። የቀድሞ ቃላችንን አውጥቶ የሚያሳየን ካለ፣ አንድ ቦታ ጽፎ አስቀምጦታል ማለት ነው።

ይህ ነገር በምሥራቅ ሱዳን ለምንኖር ሰዎች የሩቅ ወሬ አይደለም። ከ1967 ጀምሮ ስደተኛ ሲቀበል በኖረው በዚህ ምድር፣ በ1984 እና በ1985 ረሃብና ጦርነት ያፈናቀለው ሕዝብ ገብቷል፤ ከኅዳር 2020 ጀምሮም ከሃምሳ ሺህ በላይ ሰው ድንበሩን ተሻግሯል። የተሰደደ ሰው ሲም ካርዱን ይለውጣል፤ በአሮጌው ቁጥር የተከፈተው ኢሜይልም ከነፎቶግራፉ፣ ከነትምህርት ማስረጃውና ከነማመልከቻው ይቆለፍበታል። በየካቲት 2024 በጦርነቱ ምክንያት የሱዳን የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት በአብዛኛው ሲቋረጥ፣ በብዙ ስፍራ ሰው በአንድ የስታርሊንክ መሣሪያ ዙሪያ ተሰብስቦ በሰዓት እየከፈለ ይገለገል ነበር። የጋራ ማሽን ዘመን በዚህ መልኩ ተመልሶ መጣ።

እንግዲህ ሌላውን የሚረዳ ሁሉ ጥቂት ነገር ልብ ሊል ይገባል። ለአዛውንት እናት ኢሜይል የሚከፍት ወጣት የሚያስመዘግበው የእርሳቸውን ቁጥር እንጂ የራሱን መሆን የለበትም፤ የራሱን ካስገባ እርሱ ወደ ሌላ አገር በሄደ ቀን እናት ከደብዳቤያቸው ይለያያሉ። ቃሉን ራሳቸው ይምረጡ፤ ሲጽፉም ፊቱን ያዙር። ማንበብ ካልቻሉ ያንብብላቸው፤ ከጨረሰ በኋላ ግን ከገጹ ወጥቶ ይዝጋ፤ የሰማውንም ከዚያው ይተወው። ተገልጋዩም አሮጌውን ሲም ከመጣሉ በፊት አዲሱን ቁጥር ያስመዝግብ።

አባቶቻችን ደብዳቤ አንባቢን የመረጡበት መለኪያ ዛሬም አልተለወጠም። ማሽኑን የሚያውቅ ልጅ በየሰፈሩ ይገኛል፤ አደራ የሚጠብቀውን ለይቶ ማወቅ ግን የእኛ ፈንታ ነው።