ኮርቬት፦ የአንድ ዓመት ልዩነት

መኪና ስንገዛ ቀድመን የምንጠይቀው «የስንት ሞዴል ነው?» ብለን ነው። ኬንያ ከ8 ዓመት በላይ የሆነውን ያገለገለ መኪና አታስገባም፤ በእኛም አገር ኤክሳይስ ታክሱ ከዕድሜው ጋር ይከብዳል። ስለዚህ ለእኛ ያረጀ ይረክሳል። በአሜሪካው የስፖርት መኪና፣ በሼቭሮሌ ኮርቬት፣ ግን ነገሩ ተገልብጦ እናገኘዋለን። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1953 ፍሊንት፣ ሚሺጋን የተሠሩት 300 ብቻ ናቸው፤ ሁሉም ነጭ፣ ወንበራቸው ቀይ። አካሉ ፋይበርግላስ፣ ሞተሩ ባለ 6 ሲሊንደር፣ ካምቢዮው ባለ ሁለት ማርሽ አውቶማቲክ ነበር። መልኩ የሮጠውን ያህል ሞተሩ አልሮጠም፤ ገበያው ቀዘቀዘ። በ1955 የተሠሩት 700 ገደማ ቢሆኑም ባለ 8 ሲሊንደሩ ሞተር የገባው ያን ጊዜ ነው።

ትልቁ ትምህርት ያለው በ1963 ሞዴል ላይ ነው። ስቲንግ ሬይ የተባለው ባለ ጣሪያው ኮርቬት የኋላ መስታወቱ መሀል ለመሀል በዘንግ ተከፍሎ መጣ። ንድፉን የመራው ቢል ሚቸል ወደደው፤ መሐንዲሱ ዞራ አርኩስ ዳንቶቭ ግን ወደ ኋላ ማየት ይከለክላል ብሎ ተቃወመ። በ1964 ዘንጉ ቀረ። አንዳንድ ባለቤቶችም መኪናቸው ያረጀ እንዳይመስል የ1963ቱን ዘንግ ቆርጠው አንድ ወጥ መስታወት አስገጠሙ! ዛሬ ሰብሳቢዎች አብዝተው የሚከፍሉት ለዚያው ለተከፈለው መስታወት ነው። ገንዘባቸውን አውጥተው ዋጋቸውን ቆረጡ።

እንዲህ ያለ ልዩነት ሲኖር አስመስሎ የሚሸጥም አይጠፋም። መስታወቱን አይቶ ማመን አይበቃም፤ የሻንሲ ቁጥሩ በ1963 ሞዴል በ3፣ በ1964 በ4 ይጀምራል።

ሞዴልና የተሠራበት ዓመትም ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። የአሜሪካ የመኪና ዓመት እንደ እኛው በመስከረም አካባቢ ይጠባል፤ የ1963ቱ ሞዴል ገበያ የወጣው በ1962 መጸው ነው። የ1983 ሞዴል ኮርቬት ደግሞ ለሽያጭ ጭራሽ አልቀረበም። ለሙከራ ከተሠሩት 43 መኪኖች የተረፈው አንድ ሲሆን፣ እሱም ቦውሊንግ ግሪን፣ ኬንታኪ ባለው ሙዚየም ቆሟል። በ1983 ተሠርተው የተሸጡት አዲሶቹ ኮርቬቶች የ1984 ሞዴል ናቸው። «የ1983 ሞዴል አለኝ» የሚል ሻጭ ከመጣ ቀብድ ከመስጠታችን በፊት የሻንሲ ቁጥሩን እንጠይቀዋለን።