ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ

ኢማክስ የሚባል የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም አለ። የጂኤንዩ ኢማክስ ከተለቀቀ (እ.ኤ.አ. 1985) ወዲህ ምንጩ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያነበዋል፣ የቻለ ይጨምርበታል። አብረውት ከሚመጡት ፋይሎች አንዷ «ሄሎ» ትባላለች። ፕሮግራሙ የዓለምን ፊደላት መጻፍ እንደሚችል ለማሳየት የብዙ ቋንቋዎች ሰላምታ ተደርድሮባታል። ሰልፉ በላቲን ተራ ስለሆነ አማርኛ ገና ከላይ ይገኛል። «ሠላም» ይላል።

በንጉሡ ሠ!

ደብረ ማርቆስ አካባቢ የኔታ እግር ሥር ለተቀመጠ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለቱ ፊደላት ዛሬ ድምፃቸው አንድ ነው፤ ስማቸው ግን ቦታቸውን ይናገራል። «ንጉሥ» የሚጻፍበት ንጉሡ ሠ፣ «እሳት» የሚጻፍበት እሳቱ ሰ። ሰላም በግዕዙ የእሳቱ ነው። እኔ በልጅነቴ በዚህች ፊደል ምክንያት አለንጋ ቀምሻለሁ። እና ፋይሏን ያየሁ ለት መጀመሪያ የመጣልኝ «ማነው ይሄን የጻፈው?» የሚል ነበር። ንዴት ነው እንግዲህ።

ፍለጋው ግን ወደ ሌላ ታሪክ ወሰደኝ።

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን በኢሜይል መጻጻፍ ሲጀምሩ መስመሩ የሚያሳልፈው የላቲን ፊደላትንና ጥቂት ምልክቶችን ብቻ ነበር። አስኪ የሚባለው ኮድ ከዚያ በላይ አያውቅም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው ገና በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ኮድ ነበራቸው፤ በአንዱ የተጻፈውን በሌላው ስትከፍቱት ዝብርቅርቅ ያለ ነገር ይወጣል። የዚያን ጊዜ ፋይል በፍሎፒ የያዘ ዘመድ ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ያደረጉት የተለየ ነበር። ፕሮግራም ከመሸጥ ይልቅ ሰነድ ጻፉ። እያንዳንዱ ፊደል በላቲን እንዴት እንደሚወከል የሚዘረዝር ሥርዓት ነው፦ ትንሹ ቲ ተን፣ ትልቁ ቲ ጠን ይሰጣል። የእንግሊዝኛ ስሙ ሲያጥር «ሴራ» ሆነ። (ሆን ተብሎ ይሁን አይሁን እንጃ፣ በአማርኛ ጆሮ ግን ያስቃል።) ሰነዱን ማንም ማንበብ ይችል ስለነበር ጃፓን ያለ ሰው አነበበው። ታካሃሺ ናኦቶ የኢማክስን የግዕዝ ፊደል ክፍል ሲጽፍ ሴራን መሠረት አደረገ፤ በሴራ የተጻፈውን ወደ ፊደል፣ ፊደሉን መልሶ ወደ ሴራ የሚገለብጡ ትእዛዞችንም ከነማብራሪያቸው አስቀመጠ። ከመምረጫዎቹ አንዷ ስለ ጥያቄ ምልክት ናት፦ ከፈለጋችሁ በላቲኑ ምልክት ፈንታ ባለ ሦስት ነጥቡ የድሮ ምልክት ይወጣል ትላለች። ይቺን ፧ እኛ ራሳችን ረስተናት የለ?

ዛሬም ሊኑክስ ላይ አማርኛ ለመጻፍ ከምትመርጧቸው አማራጮች አንዱ ስሙ ሴራ ነው። በዚያ ዘመን በገንዘብ የተሸጡት ብዙዎቹ ፕሮግራሞች የሉም፤ ሕጉ የተጻፈበት ወረቀት ግን አለ።

ወደ ሠ ልመለስ። በሴራ ሕግ የላቲኑን ኤስ ብቻውን ብትነኩት የሚመጣው እሳቱ ሰ ነው። ንጉሡን ለማምጣት ተጨማሪ ምልክት ያስፈልጋል። ስለዚህ «ሠላም» የጣት መዘናጋት አይመስለኝም። አንድ ሰው ፈልጎት ያመጣው ነው የሚመስለው። ይሄን ሳውቅ ንዴቴ በረደ፣ ግራ መጋባቴ ግን ጨመረ።

ባለፈው ክረምት ደብረ ኤልያስ ደርሼ ለአንድ መሪጌታ በስልኬ አሳየኋቸው። ተጠግተው አዩት፣ ሳቁም።

«በብራና ቢሆን ፍቀህ ታርመው ነበር» አሉኝ። «የጻፈውን ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም፣ የኔታ።»

«ከሥሩ ትርጓሜ አለው?»

«የለውም። ሰላምታው ብቻ ነው።»

«ታዲያ ልጄ፣ ሰላም ብሎ በር ላይ አቁሞ ነው የሚተወን?»

እሳቸው የመጡበት ቤት ልማድ ይሄ ነው። ንባቡ በግዕዝ ይቀመጣል፤ ሊቃውንቱ በአማርኛ «አንድም» እያሉ ትውልድ በትውልድ ላይ ይጨምሩበታል። ማን የትኛውን አንድም እንዳመጣ ብዙ ጊዜ አይታወቅም፤ የቀደመውን ሰርዞ አዲሱን መተካት ግን ልማድ አይደለም። ጎንደር ላይ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ ሲከፈል እንኳ ሁለቱም የሚፈቱት አንድ ንባብ ነበር። ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ላይ የሚሠሩ ሰዎች ይሄን ቢሰሙ «ፎርክ» ይሉታል።

የመሪጌታው ጥያቄ ግን ከፎርክ በላይ ከነከነኝ። ማታ ደብረ ማርቆስ ተመልሼ አየሁ። የኢማክስ የጀማሪዎች መለማመጃ በጃፓንኛ አለ፣ በኮሪያኛ አለ፣ ሁለት ሚሊዮን ያህል ሰው በሚናገረው ስሎቬንኛ እንኳ አለ። በአማርኛ የለም። ሰላምታችን ከነፊደሉ ስንት ዓመት በር ላይ ቆሟል፣ የሚያስገባ ግን የለም። እኔ ደግሞ እዚያው በር ላይ ቆሜ ስለ አንድ ሠ እጨቃጨቃለሁ።

ደንቡም የሚገርም ነው። አንዲት ፊደል ለማረም አጭር ኢሜይል ይበቃል። ከ15 መስመር ገደማ በላይ የሚጨምር ሰው ግን የቅጂ መብቱን ለፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን የሚያስተላልፍበት ወረቀት ይፈርማል። መለማመጃው ከዚያ እጅግ ይበልጣል። አንድም ያሉት ሊቃውንት ለማንም አልፈረሙም። ቢሆንም ወረቀቱን ጠይቄያለሁ።

አሁን የመጀመሪያዎቹ አንቀጾች ላይ ነኝ። «ከርሰር»ን እንዳለ ተውኩት፤ ሁሉም ያውቀዋል። «በፈር» ግን አስቸገረኝ። ፋይሉ ራሱ አይደለም፤ ፋይሉ ተከፍቶ የምንሠራበት ቦታ ነው፣ እስክናስቀምጠው ድረስ ዲስኩ ላይ ያለው አይነካም። «ገበታ» ብዬ ሞከርኩ፣ ፊደል ገበታን አስቤ። ጓደኛዬ አንብቦ «ምሳ ነው እንዴ?» አለኝ። እሱ «ሰሌዳ» ይሻላል ባይ ነው። ለጊዜው ሁለቱንም ጽፌያቸዋለሁ፣ መሃላቸው «አንድም» አለ።

ስለ ሠ ኢሜይሉን እስካሁን አልላክሁም።