የዶጅ ራም ከሚንስ 24 ቫልቭ ሞተር የኮምፒውተርና የሴንሰር ብልሽት ምርመራ

የዶጅ ራም ከሚንስ 24 ቫልቭ ሞተር የኮምፒውተርና የሴንሰር ብልሽት ምርመራ ከ1998 አጋማሽ እስከ 2002 እ.ኤ.አ. በተመረቱ ዶጅ ራም 2500 እና 3500 ፒካፕ መኪኖች ላይ የተገጠመው ባለ 5.9 ሊትር፣ ባለ 6 ሲሊንደርና ባለ ተርቦ የናፍጣ ሞተር ጉልበት ሲያጣ፣ አልነሳ ሲል ወይም የማስጠንቀቂያ መብራት ሲያበራ ምክንያቱን በብልሽት ኮድ፣ በልኬትና በቅደም ተከተል ፈልጎ የማግኘት ሥራ ነው። የዚህ ሞተር ሁለት ውድ ክፍሎች የሞተር ኮምፒውተሩና የናፍጣ ፓምፑ ናቸው። ሁለቱም በላላ ሽቦ፣ በደከመ ዲናሞ ወይም በተደፈነ የናፍጣ ፊልትሮ ምክንያት የተበላሹ መስለው ሊታዩ ስለሚችሉ፣ ሳይለኩ መለወጥ ከፍተኛ ኪሳራ ያስከትላል።

ዳራ

የከሚንስ 5.9 ሊትር ናፍጣ ሞተር በዶጅ ራም ላይ መገጠም የጀመረው በ1989 እ.ኤ.አ. ሞዴል ነው። እስከ 1998 መጀመሪያ ድረስ የነበረው ባለ 12 ቫልቭ ሞተር የናፍጣውን መጠን የሚወስነው ሙሉ በሙሉ መካኒካዊ በሆነ ፓምፕ ነበር። የጭስ ልቀት ደንቦች እየጠበቁ በመምጣታቸው በ1998 አጋማሽ ባለ 24 ቫልቩ ሞተር ተተካ። በዚህ ሞተር ላይ ቪፒ44 የተባለ፣ በቦሽ ኩባንያ የተሠራና በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ ፓምፕ ተገጠመ። በ2003 ሞዴል ደግሞ ይህ ፓምፕ ቀርቶ ኮመን ሬይል በሚባለው አሠራር ተተክቷል። ስለዚህ ባለ 24 ቫልቩ የ1998–2002 ሞተር በመካኒካዊው ዘመንና በኮመን ሬይል ዘመን መካከል የሚገኝ የሽግግር ሞተር ነው።

የኮምፒውተሮቹ አደረጃጀት

መኪናው ለሞተርና ለማርሽ ሥራ የሚያገለግሉ ሦስት ኮምፒውተሮች አሉት።

• የሞተር ኮምፒውተር (ኢሲኤም)፦ በሞተሩ ግራ ጎን ላይ የታሰረ ነው። የሴንሰሮችን መልእክት ተቀብሎ ምን ያህል ናፍጣ፣ መቼ መረጨት እንዳለበት ያሰላል።
• የመኪናው ኮምፒውተር (ፒሲኤም)፦ የዲናሞውን ቻርጅ፣ የአውቶማቲክ ማርሹን፣ የፍጥነት መጠበቂያውንና የአየር ማቀዝቀዣውን ይቆጣጠራል።
• የፓምፑ ኮምፒውተር፦ ቪፒ44 ላይ የተገጠመ ነው። ከኢሲኤም የሚመጣውን ትእዛዝ ተቀብሎ የፓምፑን ቫልቭ ይከፍታል፣ ይዘጋል።

ኢሲኤም እና የፓምፑ ኮምፒውተር የሚነጋገሩት ካን በሚባለው የመረጃ መስመር ሲሆን፣ ኢሲኤም ከፒሲኤም ጋር የሚገናኘው ሲሲዲ በሚባለው የክራይስለር መስመር ነው። ከሁለቱ መስመሮች አንዱ ቢቋረጥ ሁሉም ኮምፒውተሮች ጤነኛ ሆነው ሳለ መኪናው ላይሠራ ይችላል።

ሴንሰሮች

አብዛኞቹ ሴንሰሮች የሚሠሩት ከኢሲኤም በሚላክ 5 ቮልት ነው። ሴንሰሩ ከዚህ ውስጥ የተወሰነውን መልሶ ይልካል፤ ኮምፒውተሩም የተመለሰውን ቮልት ወደ ቁጥር ይለውጣል። ለምሳሌ በ10 ቢት መለወጫ 5 ቮልት በ1024 እርከኖች ሲከፈል አንዱ እርከን ወደ 0.005 ቮልት ይሆናል። በዝገት ምክንያት በማሳ ሽቦ (በኔጌቲቩ መስመር) ላይ የሚጠፋ 0.1 ቮልት ወደ 20 እርከን የሚጠጋ ስሕተት ይፈጥራል ማለት ነው። ዋና ዋናዎቹ ሴንሰሮች የሚከተሉት ናቸው።

• የሙቀት ሴንሰሮች፦ አንዱ የራዲያተር ውኃን፣ ሌላው ወደ ሞተር የሚገባውን አየር ሙቀት ይለካሉ። ሙቀት ሲጨምር ተከላካይነታቸው (ኦም) ይቀንሳል። ሽቦው ከተቆረጠ የሚመለሰው ቮልት ወደ 5 ስለሚጠጋ ኮምፒውተሩ በጣም ብርድ እንደሆነ ያነባል፤ ሽቦው ከማሳ ጋር ከተነካካ ደግሞ ወደ 0 ወርዶ በጣም ሙቅ እንደሆነ ያነባል።
• የተርቦ ግፊት ሴንሰር፦ ባለ ሦስት ሽቦ ሲሆን ተርቦው የሚያስገባውን አየር ግፊት ይለካል። ኢሲኤም የናፍጣውን መጠን በዚህ ግፊት ስለሚገድብ፣ ሴንሰሩ ዝቅ አድርጎ ካነበበ ሞተሩ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል።
• የፔዳል ሴንሰር፦ የነዳጅ መስጫ ፔዳሉ ምን ያህል እንደተረገጠ ይናገራል። በውስጡ እግር ከፔዳሉ መነሳቱን ለብቻው የሚያረጋግጥ ማብሪያ ማጥፊያም አለ። ሁለቱ ካልተስማሙ ኮምፒውተሩ ፔዳሉን አያምነውም።

የብልሽት ኮዶች

ኮዶቹ የሚነበቡት ከመሪው በታች በሚገኘው ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት ላይ በሚሰካ ስካነር ነው። ስካነር ከሌለ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን በተከታታይ በፍጥነት ማብራት፣ ማጥፋት፣ ማብራት፣ ማጥፋትና ማብራት ይቻላል፤ ኮዶቹ በኪሎ ሜትር ቆጣሪው ላይ አንድ በአንድ ይታያሉ። ከፊደሉ ቀጥሎ 0 ያለበት ኮድ ለሁሉም አምራቾች የጋራ ሲሆን፣ 1 ያለበት የአምራቹ የራሱ ነው። በብዛት የሚታዩት እነዚህ ናቸው።

• ፒ0113 እና ፒ0118፦ የአየር ወይም የውኃ ሙቀት ሴንሰር ቮልት ከልክ በላይ ከፍ ብሏል። ሶኬቱ ተነቅሎ ወይም ሽቦው ተቆርጦ ሊሆን ይችላል።
• ፒ0121፣ ፒ0122 እና ፒ0123፦ የፔዳል ሴንሰር ችግር።
• ፒ0237 እና ፒ0238፦ የተርቦ ግፊት ሴንሰር ቮልት ከልክ በታች ወይም ከልክ በላይ ሆኗል።
• ፒ0216፦ ፓምፑ የታዘዘውን የመርጫ ጊዜ ሊደርስበት አልቻለም። ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው የፓምፑን የውስጥ መዋብ ነው።
• ፒ1688፦ የፓምፑ ኮምፒውተር የውስጥ ብልሽት።
• ፒ1689፦ ኢሲኤም ከፓምፑ ኮምፒውተር ጋር መነጋገር አልቻለም።
• ፒ1693፦ በሌላኛው ኮምፒውተር ውስጥም ኮድ አለ።

የመጨረሻው ኮድ ራሱን የቻለ ብልሽት አይደለም። አንዳንድ ርካሽ ስካነሮች አንዱን ኮምፒውተር ብቻ ስለሚያነቡ ፒ1693 ሲታይ ሁለተኛውንም ማንበብ ያስፈልጋል። በአጠቃላይ ኮድ የሚያሳየው ኮምፒውተሩ የተጠራጠረውን መስመር ነው። «የሴንሰር ቮልት ዝቅተኛ» የሚል ኮድ ሴንሰሩን፣ ሽቦውን፣ ሶኬቱን ወይም 5 ቮልቱን የሚልከውን ኢሲኤም ሊመለከት ይችላል።

የምርመራ ቅደም ተከተል

ምርመራው ከቀላሉና ከርካሹ ወደ ከባዱና ወደ ውዱ ይሄዳል።

1. ኮዶቹን ሁሉ መጻፍ። ከዚያ አጥፍቶ መኪናውን መንዳትና የትኛው ተመልሶ እንደሚመጣ ማየት። ሳይጻፍ የጠፋ ኮድ የጠፋ ማስረጃ ነው።

2. ኤሌክትሪኩን መለካት። መኪናው ጎን ለጎን የታሰሩ ሁለት ባትሪዎች አሉት። ሞተሩ ጠፍቶ ሙሉ ቻርጅ ያለው ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ፣ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ማሳየት አለበት። ከአንዱ ባትሪ የሚመጣ የዛገ ገመድ ሌላኛውንም ያደክማል።

3. የማሳ ሽቦዎችን መፈተሽ። ሞተሩ እየሠራ ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ሞተሩ አካል ያለው የቮልት ልዩነት ከ0.1 ካልበለጠ ጥሩ ነው።

4. የናፍጣ አቅርቦቱን መለካት። ናፍጣ ከታንከር ወደ ቪፒ44 የሚመጣው በትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ተገፍቶ ነው። ቪፒ44 የሚቀዘቅዘውና የሚለሰልሰው በውስጡ በሚያልፈው ናፍጣ ብቻ ስለሆነ ትንሹ ፓምፕ ሲደክም ትልቁ ያልቃል። ሞተሩ ያለ ጭነት ሲሠራ ወደ ቪፒ44 የሚገባው ግፊት ከ10 ፒኤስአይ (69 ኪሎ ፓስካል ገደማ) ማነስ የለበትም። መለኪያው ዳገት ላይም መታየት አለበት፤ ደካማ ፓምፕ ቆሞ ሲለካ ደህና መስሎ ጭነት ላይ ሊወድቅ ይችላልና።

5. ሴንሰሩን መለካት። ቁልፉ በርቶ ሶኬቱ ሲነቀል በአንዱ ሽቦ ላይ 5 ቮልት መገኘት አለበት። ከሌለና ሴንሰሮቹ አንድ የ5 ቮልት መስመር የሚጋሩ ከሆነ፣ ሌሎቹን አንድ በአንድ መንቀል ነው። 5 ቮልቱ ሲመለስ መጨረሻ የተነቀለው ሴንሰር መስመሩን ሲያጠፋ የነበረው ነው።

6. ሽቦውን ማወዛወዝ። መኪናው ሲንቀጠቀጥ ብቻ የሚታይ ችግር ቆሞ ሲለካ ይደበቃል። ስካነሩ ወይም ቴስተሩ ተሰክቶ ሳለ ሽቦው በእጅ ሲወዛወዝ ቁጥሩ ከዘለለ ቦታው ተገኘ ማለት ነው።

የተርቦ ግፊት ሴንሰርን ለመፈተን ቀላሉ መንገድ ሞተሩ ሳይነሳ በስካነር ማንበብ ነው። በዚህ ጊዜ ሴንሰሩ የሚያሳየው የአካባቢውን የአየር ግፊት ነው። ይህ ግፊት በባሕር ጠለል 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ሲሆን፣ በ1600 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው የአሜሪካዋ ዴንቨር ወደ 83፣ ከ2300 ሜትር በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 77 ይወርዳል። ስለዚህ ደጋ ላይ ዝቅ ያለ ንባብ ብቻውን ብልሽት አይደለም።

ተመሳሳይ ምልክት፣ የተለያየ ምክንያት

ፔዳሉ ተረግጦ ሞተሩ የማይመልስ ከሆነ ጥፋቱ የፔዳል ሴንሰሩ ወይም የቪፒ44 ሊሆን ይችላል። የሚለያቸው ስካነሩ ነው። ፔዳሉ ቀስ ተብሎ ሲረገጥ መቶኛው ሳይዘል ከ0 እስከ 100 ከጨመረ ሴንሰሩ ደህና ነው፤ ጥርጣሬውም ወደ ፓምፑ ይዞራል።

አውቶማቲክ ማርሹ በተስተካከለ ፍጥነት ላይ ሳለ ደጋግሞ የሚይዝና የሚለቅ ከሆነ ብዙዎች ማርሹን ያወርዳሉ። በዚህ መኪና ላይ ግን የታወቀው አንዱ ምክንያት ዲናሞው ነው። በውስጡ ያሉት ዳዮዶች ሲደክሙ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ወደ መስመሩ ያመልጥና የሴንሰሮቹን መልእክት ይረብሻል። ሞተሩ እየሠራ በባትሪው ላይ የሚለካው ተለዋዋጭ ቮልት ከ0.1 ከበለጠ ዲናሞው መፈተሽ አለበት።

ጥቁር ጭስና የጉልበት ማነስ አብረው ሲመጡ የግፊት ሴንሰሩ ከመለወጡ በፊት ከተርቦው እስከ ሞተሩ ያሉት የአየር ቱቦዎች ይታያሉ። ቱቦው ተቀድዶ አየር ካመለጠ ሴንሰሩ ዝቅተኛ ግፊት የሚያሳየው እውነቱን ስለሆነ ነው።

የሞተር ኮምፒውተሩን መለወጥ

ኢሲኤም ተበላሽቷል ሊባል የሚችለው ወደ እሱ የሚገባው ባትሪና ማሳ ትክክል ሆኖ፣ ሽቦዎቹ እስከ ሶኬቱ ድረስ ተለክተውና ሴንሰሮቹ ተነቅለው ሳለ 5 ቮልት የማይልክ ወይም የማይነጋገር ከሆነ ነው። አዲሱ ኢሲኤም ለመኪናው መለያ ቁጥርና ለሞተሩ ዓይነት በሚስማማ ፕሮግራም መጫን አለበት። አሮጌውን ያቃጠለው የሽቦ ንክኪ ሳይገኝ አዲሱ ቢገጠም እሱም ሊቃጠል ይችላል። በቪፒ44ም ያው ነው፤ ናፍጣ የሚገፋው ትንሽ ፓምፕ ሳይለካ የተገጠመ አዲስ ቪፒ44 በቀድሞው ምክንያት ያልቃል።

ጥንቃቄ

• ኦም የሚለካው ባትሪው ተነቅሎ ነው።
• በኮምፒውተር ሽቦዎች ላይ አምፖል ያለው መፈተሻ አይሰካም፤ የሚስበው ኤሌክትሪክ ኮምፒውተሩን ሊጎዳ ይችላል።
• መኪናው ላይ ብየዳ ከመሠራቱ በፊት ባትሪዎቹና የኮምፒውተሮቹ ሶኬቶች ይነቀላሉ።
• ሞተሩ እየሠራ ከፓምፑ ወደ ኢንጀክተሮች የሚሄዱ ቱቦዎች ሲያፈስሱ በእጅ አይዳሰሱም። በከፍተኛ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳን በስቶ ይገባል፤ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ወዲያውኑ ሐኪም ቤት መሄድን ይጠይቃል።