ቮላኖ

እስኪ ቀረብ በሉ፤ ጀበናው ገና አልተንተከተከም። የማወጋችሁ ስለ አንድ ክብ ብረት ነው።

እዚሁ መካነ ሰላም፣ እማማ በምንላት አያቴ ቤት፣ ከጎተራው ጎን አንድ የጠላ ጋን ነበር። በክዳኑ ላይ፣ አይጥ እንዳይነቀንቀው፣ ሕፃን የማያነሣው ክብ ብረት ይጫንበታል። ብረቱን አባቴም እኔም እያየነው ነው ያደግነው። ምንነቱን የጠየቀ ግን አልነበረም፤ የጋን መጫኛ ነው፣ በቃ።

ሥራዬ ሞተር ሳይክል መጠገን ነው። የግብርና ባለሙያው ያማሃ ይመጣል፣ የወጣቶቹ ቦክሰር ይመጣል፣ ባጃጁም ይመጣል። አንድ ቀን ለክርስትና ድግስ ጋኑ ሲከፈት ብረቱን ተቀብዬ ላስቀምጥ ስል ጣቴ መሐሉን ነካው። ቀዳዳው ወደ ውስጥ እየጠበበ ይሄዳል፤ በጎኑ ደግሞ ለቁልፍ የሚሆን ቀጭን ቦይ ተቀዶለታል። እንዲህ ያለ ቀዳዳ የሚቀደደው ለሞተር ዘንግ ነው። እንግዶቹን ትቼ ብረቱን ይዤ ወደ ብርሃን ወጣሁ።

«እማማ፣ ይኼ እኮ ቮላኖ ነው!»

«ኧረ ተወኝ ልጄ! እሱማ ጣሊያን ሲወጣ አያትህ ከደሴ በበቅሎ ጭኖ ያመጣው ጉድ ነው። ሌላውም ቆጡ ላይ አለልህ።»

ደሴ ከጣሊያን እጅ የወጣችው ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሰሞን በየመንገዱ የወዳደቀውን ብረት ያልሰበሰበ ባላገር አልነበረም፤ አያቴም አንዱ ነበሩ። ቆጡ ላይ ወጣሁ። ጢስ የጠጣ ጆንያ አገኘሁ። በውስጡ የቤንዚን ቋት፣ የፊት መብራት ቀለበት፣ ማኜቶ፣ ካርቡራቶር፣ ሁለት ጥርሳቸው ያልተበላ የካምቢዮ ማርሾች። በቋቱ ጎን፣ ቀለሙ ባልተላጠበት ቦታ፣ የንስር ክንፍ ጫፍ ይታያል።

ፎቶውን ሚላኖ ላለው የአክስቴ ልጅ ላክሁለት። እሱም አሮጌ ሞተር ሳይክል ለሚያድሱ አንድ ሽማግሌ አሳያቸው። መልሱ ሳይውል ሳያድር መጣ፤ ሞቶ ጉዚ ጂቲ 17። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1921 ኮሞ ሐይቅ ዳር፣ ማንዴሎ ዴል ላሪዮ በምትባል ከተማ ተቋቋመ፤ እስከ ዛሬም እዚያው አለ። ጂቲ 17ን ለጣሊያን ጦር ሠራዊት እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1939 ሠርቷታል። ሲሊንደሯ እንደሌሎቹ ሽቅብ አልቆመም፣ ወደ ፊት ተጋድሟል፤ ቮላኖዋም የሚዞረው ከሞተሩ ውጪ ነው። ንስሩ የመታሰቢያ ምልክት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት አብረው በአየር ኃይል ያገለገሉ ሦስት ጓደኛሞች ፋብሪካውን አብረን እናቋቁማለን ተባብለው ነበር፤ አንደኛው፣ አብራሪው ጆቫኒ ራቬሊ፣ እ.ኤ.አ. በ1919 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። የተረፉት ሁለቱ የአብራሪውን ክንፍ ሞተራቸው ላይ አደረጉለት።

አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉልኝ። ሽማግሌው በስልክ ሊያነጋግሩኝ ፈለጉ። እኔ ጣሊያንኛ አላውቅም፤ እሳቸው አማርኛ ከየት ያውቃሉ? የአክስቴ ልጅ መሐል ገብቶ ሊያስተረጉም ተዘጋጅቷል። እሳቸው ግን ድንገት «ቮላኖ?» አሉ። «ቮላኖ!» አልኩ። «ካንዴላ?» «ካንዴላ የለም» አልኩ። «ካምቢዮ?» «አለ!» «ፍሪሲዮን?» የሚሉ መሰለኝ፤ «የለም» አልኩ። ማርሚታ፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ… ሽማግሌው ዝም አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ሻክሮ ለአክስቴ ልጅ ምን እንዳሉት ታውቃላችሁ? አባታቸው ጋራዥ ውስጥ ቆመው የሚጠሩትን ዕቃ ሁሉ ይኼ ልጅ እንዴት አወቀው ብለው ነው። እኔ ደግሞ እስከዚያ ቀን ድረስ እነዚያን ቃላት የጌታዬ፣ ሥራ ያስተማረኝ የሐጂ ቃላት አድርጌ ነበር የምቆጥራቸው። ሐጂ ከደሴ ሸዋ በር ተምረውት መጡ፤ እኔንም በጥፊም በአብሽርም አስተማሩኝ። በወረራ የመጣ ቋንቋ ነው፣ አውቃለሁ። በመካነ ሰላም መዶሻ ሥር ግን ሰማንያ ዓመት ሲቀጠቀጥ የኖረ ቃል የእኛም ነው።

ዋጋ ተነጋገርን፣ በዩሮ ተስማማን። እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ። ደንበኛዬን ላስደስት ብዬ ቋቱን በሽቦ ብሩሽና በአሸዋ ፈትጌ ፈትጌ መስታወት አስመሰልኩት። ፎቶውን ላክሁ። ሽማግሌው ከልባቸው አዘኑ። ለአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢ የፋብሪካው ቀለም፣ ቢላጥም ቢዝግም፣ ከብረቱ ይበልጣል፤ አዲስ ቀለም ማንም ይቀባል፣ ያንን ግን ማንም አይመልሰውም። የቋቱ ዋጋ በግማሽ ወረደ፤ እኔም ሙሉ ይሁንልኝ ብዬ አልተከራከርኩም። የንስሩ ክንፍ በእጄ ጠፋ፤ እስከ ዛሬ ሳስበው ጣቶቼ ያፍራሉ። ከዚያ በኋላ የቀሩትን ዕቃዎች በደረቅ ጨርቅ ብቻ ጠረግኋቸው። ነጭ ነጠላ ዘርግቼ፣ ማስመሪያ ከጎን አድርጌ፣ በየጎኑ ፎቶ አነሣኋቸው። በቮላኖው ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ነበረች፤ እሷን በኖራ አክብቤ ለብቻዋ ላክኋት። ደብቆ መሸጥ ይቻል ነበር። ሞተር ላይ ገብቶ የሚዞር ብረት ግን ተሰንጥቆ ቢበተን እግር ይቆርጣል።

ነገሩ በዚህ እንዳለ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደረሰ፤ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ሽማግሌው ሞተሩን ፈትተው ይጠብቃሉ፣ እኔ ብረቱን ጠቅልዬ እጠብቃለሁ። ወራት አለፉ። መገናኘት ስንችል፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተደርጎ ነበርና፣ ያው ዩሮ በብር ሲቆጠር እጥፍ ወደ መሆን ተጠግቷል። ለሽማግሌው ነገርኋቸው። «ዋጋችን በዩሮ ነበር፣ አይለወጥም» አሉ።

አባቴ ግን ልቡ አልረጋም። «ከዚህ ደጋ ለፈረንጅ የተሸጠ ዕቃ መጨረሻው አያምርም» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አውቃለሁ፤ መቅደላ ጎረቤታችን ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሰዉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን ብራናና ጽዋ በ15 ዝሆንና 200 በሚጠጋ በቅሎ ጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ አወረደው፤ ሁለት ቀን ሙሉ በሐራጅ ቸበቸበው። ከብሪቲሽ ሙዚየም የመጣው ሪቻርድ ሆምስም ከገዢዎቹ አንዱ ነበር። ገዢውም ሻጩም ከጦሩ ጋር የመጣ ሰው ነው፤ የዕቃው ባለቤት ግን በሜዳው ላይ አልነበረም። «አባዬ፣ እኔ በስሜ ነው የምሸጠው» አልኩት። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ፣ ቁጥር 209፣ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። እኔም ዝርዝሩንና ፎቶዎቹን ይዤ ለሚመለከታቸው አሳየሁ፤ ወረቀቱን እስካገኝ አንድ ብሎን ከቤት አላወጣሁም። ያን ጊዜ ነው አባቴ «እንግዲህ ይቅናህ» ያለኝ።

ቀጥሎ ማሸጉ መጣ። ቋቱን በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግሜ አጥቤ፣ አፉን ከፍቼ የመካነ ሰላም ፀሐይና ንፋስ ላይ አሰነበትሁት፤ የቤንዚን ሽታ ያለበትን ዕቃ አውሮፕላን አይቀበልም። ማኜቶው ማግኔት አለው፣ ኮምፓስ ያስታል ተብሎ ይፈተሻል፤ ይህን አስቀድሜ በወረቀቱ ላይ አስጻፍሁ። ሣጥኑን ከባሕር ዛፍ ሳንቃ ልሠራ ነበር። ነገር ግን ወደ አውሮፓ የሚሄድ ጥሬ እንጨት ተባይ እንዳይሻገርበት ውስጡ ድረስ በ56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ተግሎ ማህተም ሊመታበት ይገባል። ኮምፐርሳቶ ግን ይህ ግዴታ የለበትም፤ ስለዚህ ከኮምፐርሳቶ ሠራሁት። ኮምፐርሳቶም የጣሊያን ቃል ነው፣ ብትጠይቁኝ!

የአየር ጭነት ሒሳብ ደግሞ አስተምሮኛል። እህል ነጋዴው ሚዛን ላይ ቋቱ 4 ኪሎ ነበር። ሣጥኑ 60 በ35 በ30 ሳንቲ ሲሆን፣ ሦስቱን አባዝተው ለ5,000 ያካፍሉና 12.6 ኪሎ ብለው ያስከፍላሉ፤ አየር ስትልክ እንደ ብረት ትከፍላለህ ማለት ነው። ስለዚህ በቋቱ ዙሪያ ባለው ክፍት ቦታ ማርሾቹን፣ ካርቡራቶሩን፣ የመብራቱን ቀለበት በጨርቅ እየጠቀለልኩ ሰገሰግሁ። ቮላኖው ግን ለብቻው ሣጥን ተሠራለት፤ ከሌላው ጋር ቢታሰር ሁሉን ጨፍልቆ ይደርስ ነበር።

እማማ ቮላኖውን የሰጠችኝ በቀላሉ አይደለም። «ጋኔን ምን ልጫንበት?» አለች። ከወንዝ ድንጋይ መርጬ፣ አጥቤ፣ በእጄ ተሸክሜ አመጣሁላት። አገላብጣ አየችው። «ይኼ ይሻላል፣ አይዝግም» አለችና ብረቱን ለቀቀችው።

በአቅስታ፣ በደሴ አድርጌ አዲስ አበባ ገባሁ። የመላኪያው መስኮት ላይ የተቀመጠችው ልጅ ጨዋ ናት፤ ቅጹን እየሞላች አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። የላኪ ስም ነገርኋት። የተቀባይ ስም ነገርኋት። ዋጋውን ሳልቀንስ ነገርኋት፤ ዕቃው ቢጠፋ የሚከፈለው በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ነውና። ሁለተኛው ሣጥን ላይ ስትደርስ ቀና አለች።

«ይኼኛው ምንድን ነው፣ ወንድሜ?»

«ቮላኖ።»

«በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?»

አሰብኩ። አላውቀውም።

«እንዳልኩሽ ጻፊው እህቴ፣ እሳቸው ያውቁታል።»

ብዕሯን አስተካከለች። ቮ፣ ላ፣ ኖ እያለች፣ ፊደል በፊደል፣ በላቲን ጻፈችው፤ ማህተሙንም አሳረፈችበት።