ቡሬ የሌለችበት የጦር ጌም

ልጆች፣ «ቲቸር፣ ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ጌም ላይ ጨርሰነዋል» የምትሉኝ ነገር አለ አይደል? ዛሬ ስለሱ ልጻፍ።

ዉልፈንስታይን 3ዲ እ.ኤ.አ. በ1992፣ ዱም በ1993 መጡ። ሜዳል ኦፍ ኦነር በ1999፣ ኮል ኦፍ ዲዩቲ በ2003 ሲወጡ ደግሞ ጌም ሠሪው ሁሉ ወደዚያ ጦርነት ተንጋጋ። በ2007 «አወር ኦፍ ቪክትሪ» የሚባል ወጣ። አንድ እንግሊዛዊ፣ አንድ አሜሪካዊ፣ አንድ ሩሲያዊ አሰልፎ ናዚን ያሳድዳል። ያው ጠመንጃ፣ ያው ጀርመን። ሌሎቹ አሥር ጊዜ ያሳዩንን ደግሞ አሳየን፤ ተረሳ።

እኔን የሚያበሽቀኝ፣ ያልተነካ ታሪክ እዚሁ ደጃችን ነበር። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን ድንበር ተሻግረው ገቡ። ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር ሁለት ሺህ እንኳ አይሞላም፤ አብዛኛው ሱዳናዊና ኢትዮጵያዊ ነው፣ ስንቁም በግመል። ግመሎቹ (ምስኪኖች!) የእኛን ዳገትና ብርድ አልቻሉትም፣ መንገድ ለመንገድ አለቁ። ቡሬ ላይ የመሸገው ጣሊያን በቁጥር ብዙ እጥፍ ነበር። ዊንጌት ምን አደረገ? ሌሊት ሌሊት በትንንሽ ቡድን እየተኮሰ፣ በድምፅ ማጉያ እያስለፈፈ ጦሩን ብዙ አስመሰለው። ጣሊያን ቡሬን ጥሎ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያፈገፍግ ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ መንገድ ላይ ገጠመው። መጋቢት ሳያልቅ ደብረ ማርቆስንም ለቀቀ።

ማታለሉ የሠራው ግን ጣሊያን ቀድሞውንም ፈርቶ ስለነበር ነው። እነ በላይ ዘለቀ በምሥራቅ፣ እነ ነጋሽ በዛብህና መንገሻ ጀምበሬ በምዕራብ፣ ከምሽጉ መውጣት አስጠልተውት ነበር። የእንግሊዝ መጻሕፍት ይህችን ነገር ቶሎ ያልፏታል።

እ.ኤ.አ. በ2022 ሀርትስ ኦፍ አይረን 4 ለኢትዮጵያ ሰፊ ክፍል ጨምሯል፤ እሱ ግን ካርታ እያየህ ጦር የምታዝበት ነው። በተኩስ ጌም ፊትህ የመጣው ወይ ወዳጅ ነው ወይ ጠላት። ታዲያ ራስ ኃይሉን የት ታደርጋቸዋለህ? ከጣሊያን ጋር ሆነው ደብረ ማርቆስን ይዘው ቆዩ፣ ጣሊያን ሲሄድ ለንጉሡ ገቡ። ዘመዳቸው ልጅ ኃይሉ በለው ግን ጫካ ነበር። አንድ ቤት፣ ሁለት ወገን።

ኮምፒውተር ሳይንስ የገባችሁ ልጆች፣ ይቺን ክፍል ከሞከራችኋት የታሪኩን በኩል እኔ እይዛለሁ። ግመሎቹን እንዳትረሱ።