የጉበት ሕሙማን የአንጀት ክትትል በእጅ ስልክ

ጉበት ከአንጀት የሚመጣውን ደም ተቀብሎ ጎጂ ነገሮችን የሚያጣራ የሰውነት ክፍል ነው። ከሚያጣራቸው አንዱ ባክቴሪያዎች በአንጀት ውስጥ ፕሮቲንን ሲሰባብሩ የሚፈጠረው አሞኒያ ነው። በሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ በአልኮል ወይም በስብ ክምችት ምክንያት ጉበት ጠባሳ ሲያበጅ (ሲሮሲስ) አሞኒያው ሳይጣራ ወደ አንጎል ይደርሳል። ታማሚው ቀን ያንቀላፋል፣ ሌሊት እንቅልፍ ያጣል፤ ንግግሩ ይዘባረቃል፣ እጁ ይርገበገባል፤ ሕመሙ ሲብስም ራሱን ይስታል። ይህ ሁኔታ በሕክምናው ሄፓቲክ ኢንሴፋሎፓቲ ይባላል። ቤተሰብ ለውጡን በድካም ወይም በመንፈስ አሳብቦ ከቆየ መዘግየቱ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

መቁጠር ለምን አስፈለገ?

ለዚህ ሕመም በቀዳሚነት የሚታዘዘው ላክቱሎዝ የተባለ ጣፋጭ ፈሳሽ መድኃኒት ነው። ትንሹ አንጀት ስለማይፈጨው ወደ ትልቁ አንጀት አልፎ በዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ወደ አሲድ ይለውጡታል። አሲዱ አሞኒያውን በአንጀት ውስጥ ያስቀረዋል፤ ከዐይነ ምድር ጋርም ይወገዳል።

መጠኑ ለሁሉም ሰው አንድ አይደለም። የተለመደው ግብ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ለስላሳ ዐይነ ምድር መውጣቱ ነው። ከዚህ ካነሰ አሞኒያ ይከማቻል። ከበዛና ተቅማጥ ከሆነ ደግሞ ሰውነት ውኃና ፖታሲየም ያጣል፤ ይህም ራሱ የአእምሮ መዛባቱን ያባብሳል። ሐኪሙ መጠኑን የሚያስተካክለው በዚህ ቆጠራ ነው። ችግሩ ግን እንዲቆጥር የሚጠበቀው ሰው የማስታወስ ችሎታን በሚያደክም ሕመም የተያዘው ራሱ መሆኑ ነው።

መተግበሪያዎቹ ምን ይሠራሉ?

የስልክ መተግበሪያዎች መድኃኒት የሚወሰድበትን ሰዓት ያስታውሳሉ፤ የዐይነ ምድርን ብዛትና የሰውነት ክብደትን ይመዘግባሉ። ዓይነቱን ለመለየት በእንግሊዝ ብሪስቶል ከተማ የተዘጋጀው ባለ 7 ደረጃ መለኪያ ያገለግላል፤ 1 እንደ በጠጥ የደረቀ፣ 7 ደግሞ ፍጹም ፈሳሽ ነው። ፎቶግራፍ ተነሥቶ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚለዩም አሉ። በአሜሪካ ሴዳርስ ሳይናይ የሕክምና ማዕከል ተመራማሪዎች በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ የአንጀት መታወክ ባለባቸው ሰዎች ላይ የተሞከረ እንዲህ ያለ መተግበሪያ ከታማሚዎቹ የራሳቸው ግምት ይልቅ ትክክለኛ ሆኖ ተገኝቷል።

በዚያው አገር በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት 40 የሲሮሲስ ሕሙማንንና አስታማሚዎቻቸውን አሳትፏል። መተግበሪያው የመድኃኒት አወሳሰድን፣ የጨው መጠንን፣ ክብደትንና የአእምሮ ንቃትን ተከታትሎ ለሕክምና ቡድኑ ማስጠንቀቂያ ይልካል። በዚህም ከአእምሮ መዛባት ጋር የተያያዙ 8 ዳግም የሆስፒታል ምልልሶችን ማስቀረት እንደተቻለ ተመራማሪዎቹ ገልጸዋል።

ዘመናዊ ስልክ ለሌለው

ሥራውን የሚሠራው መዝገቡ ስለሆነ ደብተርም ይበቃል። አስታማሚው በየቀኑ ቀኑን፣ የተወሰደውን መድኃኒት፣ የዐይነ ምድሩን ብዛትና ዓይነት፣ የሚቻል ከሆነም ክብደቱን ይጻፍ። በቀጠሮ ቀን ይዞት ይሂድ፤ ጤና ባለሙያ ሳያማክር ግን መጠኑን አይቀይር።

ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ምልክቶች

ግራ መጋባት ወይም ያልተለመደ እንቅልፍ፣ መድኃኒት እየተወሰደም ሆድ መድረቅ፣ የማያቋርጥ ተቅማጥ፣ ትኩሳት፣ ደም ማስታወክ እና እንደ ሬንጅ የጠቆረ ዐይነ ምድር ጊዜ የማይሰጡ ናቸው። የብረት እንክብልም ዐይነ ምድርን ሊያጠቁር ስለሚችል መወሰዱን ለባለሙያው መንገር ይገባል።

የመጨረሻው ምልክት በተለይ ቢልሃርዚያ ባለባቸው አካባቢዎች፣ የጣና ዙሪያን ጨምሮ፣ ትኩረት ይሻል። በሽታው ሥር ሲሰድ በጉበት ውስጥ ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚያጠብ የምግብ ቧንቧ ደም ሥሮች አብጠው ሊደሙ ይችላሉ። እንዲህ ያለውን መድማት የትኛውም መተግበሪያ አያክመውም፤ የሚያስፈልገው ፈጥኖ ሆስፒታል መድረስ ነው።