የግቢ አረምና የወባ ትንኝ

ትንኝ በደም ብቻ የምትኖር የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም። ወንዱ ትንኝ ግን ጨርሶ ደም አይመጥም፤ ሴቷም ብትሆን ደም የምትፈልገው እንቁላሏን ለማዳበር ነው። ሁለቱም የዕለት ጉልበታቸውን የሚያገኙት ከአበባ ማርና ከሌሎች የዕፅዋት ጣፋጭ ፈሳሾች ነው። በመሆኑም በግቢያችን የሚያብበው ተክል የጤናም ጉዳይ ነው ማለት ይቻላል።

ይህን በግልጽ ያሳየው በማሊ፣ ባንዲያጋራ አካባቢ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ነው። ጥናቱ 9 መንደሮችን የሸፈነ ሲሆን፣ 6ቱ ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ የተባለው መጤ ዛፍ የወረራቸው ነበሩ። ከእነዚህ በ3ቱ የዛፉ አበባ ያላቸው ቅርንጫፎች ተቆርጠው ሲወገዱ፣ የወባ ትንኞች ቁጥር በ69.4 በመቶ ቀንሷል። ይበልጥ የተመናመኑት ደግሞ ዕድሜያቸው የገፋ ሴት ትንኞች ናቸው። የወባ ተህዋስ በትንኟ ሰውነት ውስጥ ለመብሰል ቀናት ስለሚፈጅበት፣ በሽታውን የምታስተላልፈው ረዥም ዕድሜ ያገኘችው ነች።

ፕሮሶፒስ በአገራችን በይበልጥ የሚታወቀው በአፋር ነው። በከተማ ግቢዎች፣ በመንገድ ዳርና በግንባታ ቦታዎች የምናየው ሌላው መጤ ቅንጬ አረም ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ የኬንያ ጥናት፣ ይህን አረም የተመገቡ ሴት የወባ ትንኞች ዕድሜያቸው ረዝሞ፣ የጉልበት ክምችትም አግኝተው ተገኝተዋል። አረሙ በራሱም የቆዳ አለርጂና አስም ያስነሳል፤ የበላችው ላምም ወተቷ ይመራል።

ጉዳዩ የገጠር ብቻ አይደለም። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው የከተማ ወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ተገኝታለች። በ2022 በድሬዳዋ ከተከሰተው የወባ ወረርሽኝ ጋርም ተያይዛ ተጠቅሳለች።

ቅንጬ አረምን ለማስወገድ የሚከተለውን ያድርጉ፦

• ጓንት፣ እጅጌው ረዥም ልብስና የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ይጠቀሙ። አለርጂ ወይም አስም ያለበት ሰው ሥራውን ለሌላ ይተው።

• አረሙን ከማበቡ በፊት፣ ዝናብ ጥሎ አፈሩ ሲርስ ከነሥሩ ይንቀሉት። ከላይ ብቻ ከታጨደ መልሶ ያቆጠቁጣል።

• ዘር የያዘውን አይጎትቱት፣ ከፍግ ጉድጓድም አይጨምሩት። አንዱ ተክል ከ15 ሺህ በላይ ዘር ስለሚያፈራ፣ እዚያው በከረጢት ቋጥረው ከግቢ ያስወግዱት።

• በነቀሉበት ቦታ ሣር ወይም ሌላ መሬቱን የሚሸፍን ተክል ይትከሉ። ባዶ መሬት ለአረሙ የተመቸ ነው።

• በየ2 እና 3 ሳምንቱ ይመልከቱ፤ አረሙ ከበቀለ በ1 ወር ገደማ ሊያብብ ይችላል።

በአጥር ላይ የሚበቅለው የወፍ ቆሎም መጤ ነው። ማስወገድ ከፈለጉ ሥሩን ቆፍረው ያውጡ፤ ቅጠሉ ለከብት መርዝ ስለሆነ የተቆረጠውን ከብት በሚደርስበት ቦታ አይጣሉት።

ይህ ሁሉ ግን አጎበርንና ሕክምናን አይተካም። ትንኟ የምትራባው በውኃ ውስጥ ነውና፣ አረም የነቀሉ ዕለት በርሜሉን መክደን፣ በጎማና በአሮጌ ዕቃ የተጠራቀመውንም ውኃ መድፋት ያስፈልጋል። አንድ ግቢ ብቻውን ቢጸዳም ትንኟ ከጎረቤት ትመጣለችና፣ ሥራው በመንደር ቢሆን ይመረጣል።